የአምናው እሸት

«አንድ ገበሬ ነበረ፤ ማሽላ ዘሪ» አሉ እማሆይ አመተ ጽዮን፣ ምስር መልቀማቸውን ሳያቋርጡ።

ማንጠግቦሽ የጠየቀቻቸው ስለ ማሽላ አልነበረም። የስድስት ወር ሆዷን በሰፊ ጋቢ ሸፍና መጥታ፣ «አምና ልጄ በሰባት ወሯ ሞታ ተወለደችብኝ። አሁንም አርግዣለሁ፤ ከባሌ በቀር የሚያውቅ የለም። እስክገላገል ድረስ ደብቄ ብይዘው ምን አለበት?» ነበር ያለቻቸው። መልሱ ማሽላ ሆነ።

«በዚያ ሰው አገር ማሽላው ሲያሸት ባለቤቱ እሸት ቆርጦ ለጎረቤት ይልካል። እሸት የደረሰው ጎረቤት ደግሞ ማሳው ፍሬ መያዙን ስላወቀ፣ በተራው ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ያባርርለታል። ደንቡ ይኸው ነው። ሰውየው አንድ ዓመት ማሽላው አምሮለት ለሰባት ቤት እሸት ላከ። በሦስተኛው ቀን በረዶ ወረደ። አገዳ እንኳ ቆሞ አልቀረም።

«ጎረቤቶቹ ሊያጽናኑት መጡ። ‹እግዜር ሌላ ይሰጥሃል› አሉት። ክፉ ልብ ኖሯቸው አይደለም፤ የሚሉት ቢጠፋቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ያንን ማሽላ ያነሳ ሰው የለም፤ እሱም አላነሳም። በልቡ ግን ‹በረዶውን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ቸኩዬ እሸት ባልልክ ኖሮ አይመጣም ነበር› አለ። እስቲ አሁን በረዶ ‹እሸት የተላከው ከየት ነው?› ብሎ ይጠይቃል?»

ማንጠግቦሽ አልሳቀችም። አምና የሕፃን ልብስ ቀድማ መግዛቷ ትዝ ብሏት ነበር።

«በዓመቱ ዘራ፤ ማሽላውም ያዘ። ሰውየው ግን ትንፍሽ አላለም። በመንገዱ በኩል ያለውን ማሳ በእሾህ አጠረ። ‹አዝመራው እንዴት ነው?› ሲሉት ‹ምኑ አዝመራ ነው!› ብሎ ያልፋል። እሸት ካልተላከ ደግሞ ጠባቂ የለም። ከንጋት እስከ ማታ ብቻውን ማማ ላይ ይውላል። ወፉን በዚህ ሲያባርረው በዚያ ይገባል። ደመና ባየ ቁጥር እህል አልወርድ ይለዋል። ሚስቱ ምሳ ስታመጣለት እንኳ ‹ጎንበስ በይ፣ እንዳትታይ› ይላት ነበር። ሞኝ! በረዶ ፈርቶ ማሽላውን ለወፍ ሊያስረክብ።

«በአሥራ አንደኛው ቀን ድምፁ ተዘጋ። አፉን ይከፍታል፣ የሚወጣ የለም። ወፉም ድምፁ መዘጋቱ የገባው ይመስል እዚያው አጠገቡ አረፈ። ሰውየው ከማማው ወረደ፤ አንድ የእሸት ዘለላ ቆርጦ ማሳዋ ከማሳው ወደሚዋሰን ሴት ቤት ሄደ። ደጃፏ ላይ ቆሞ ዘረጋላት።

«ሴትዮዋ እሸቱን አየችው፤ እሱን አየችው። ‹አይዞህ፣ ዘንድሮ ይሳካል› አላለችውም። ምን አውቃ? ‹የአምናውን እሸትህን ጠብሼ በልቼዋለሁ እኮ› አለችው። ‹እንደዚያ የሚጣፍጥ ቀምሼ አላውቅም። እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ ላሳዝንህ ፈርቼ ነው።› ሰውየው እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለአምናው ማሽላ ሲያለቅስ ገና የመጀመሪያው ነበር። እሷ ግን ወንጭፏን ይዛ ማማው ላይ ወጣች። በማግስቱ ባሏ ወጣ፤ ሌሎቹም እየሰሙ መጡ።»

እማሆይ ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።

«ከዚያስ? በረዶው መጣ?»

«አልነግርሽም።»

«ኧረ እማሆይ!»

«ብነግርሽ የሱን ዕጣ የራስሽ ታደርጊዋለሽ። ደመናው በየቀኑ ይመጣ ነበር። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በላ፤ እንቅልፍም ተኛ።»

ሰፌዱን አስቀምጠው ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። በረዶውን እኔ አልመልስልሽም፤ እናትሽም አትመልስልሽም። ቀኑን ሙሉ የሚለቅምሽን ፍርሃት ግን እንደዚያ ወፍ ብቻሽን አትችይውም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። አዋላጇ እኔና አንቺ የማናየውን ታያለች። የአምናውን መናገር ቢያቅትሽ እኔ እናገርልሻለሁ። ከዚያ እናትሽ ዘንድ እንሄዳለን፤ እሷም ተራዋን ማማው ላይ ትውጣ።» ቀጥለውም ጠየቋት፤ «ለመሆኑ የአምናዋን ስሟን ማን ልትያት ነበር?»

ይህን እስከዚያ ቀን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ባሏም ቢሆን። ማንጠግቦሽ ልትናገር አፏን ስትከፍት ድምፅ አጣች። እማሆይ አላቻኮሏትም።

«ትርሲት» አለች በመጨረሻ፤ እንባዋም ጋቢዋ ላይ ወረደ።

«ትርሲት» አሉ እማሆይ። «ጥሩ ስም ነው። በይ እንግዲህ፣ የትርሲትን ታናሽ አብረን እንጠብቃለን።»