የሰርካለም አደራ

በአንድ ወቅት፣ የእጅ ስልክ ከቧንቧ ውሃ ቀድሞ በገባባት አንዲት የጎጃም ከተማ፣ አለኸኝ የሚባል ግንበኛ ይኖር ነበር። ሚስቱ የመጨረሻ ልጃቸውን ሰርካለምን በወለደች በሳምንቷ ስለሞተች፣ ሕፃኗን ተረባርበው ያሳደጓት ሦስቱ ታላላቆቿ ናቸው። የበኩር ልጁ ይርሳው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ማርሸት በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች። ሙሉሀብት ገበያው ዳር ስልክ ይጠግናል። ሦስቱም ይወዷት ነበር፤ ይህን የሚጠራጠር ጎረቤት አልነበረም።

ሰርካለም አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት በስልኳ አንዲት ጓደኛ አገኘች። «ራሄል እባላለሁ፣ ባሕር ዳር ነው የምማረው» ብላ ጻፈችላት። ስለ ፈተና፣ ስለ ፀጉር አሠራር፣ እናት ስለማጣትም ያወሩ ነበር፤ ራሄልም እናት እንደሌላት ነግራታለች። በሦስተኛው ወር ሰርካለም ፎቶዋን ላከችላት። ዩኒፎርም ለብሳ የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፋ የተነሳችው ነበር። በማግስቱ ያው ፎቶ የሚያሳፍር ምስል ሆኖ ተመለሰላት፤ ፊቱ የእሷ፣ ገላው የሌላ ሰው። ራሄል የተባለችው የሠላሳ ዓመት ወንድ ነበር። «ብቻሽን ባሕር ዳር ካልመጣሽ ለክፍልሽ ልጆች እበትነዋለሁ» አላት።

እሑድ ዕለት ይርሳው እህቱ ስልኳን ይዛ ስትንቀጠቀጥ አያት። ምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ስልኩን ከእጇ ወስዶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ለልጅ ስልክ የለም» አለና ሽጠው ብሎ ለሙሉሀብት ሰጠው።

ሰኞ ሰርካለም ማርሸት ዘንድ ሄደች። ማርሸት የፈተና ወረቀት እያረመች ነበር።

«እታለም፣ አንዲት ልጅ ፎቶዋን ለማታውቀው ሰው ብትልክ ምን ትሆናለች?»

ማርሸት ቀና ሳትል፣ «ለማይታወቅ ሰው ፎቶ እንዳትልኩ ብዬ አስተምሬያችኋለሁ። እየሰማች ያደረገችው ራሷ የፈለገችው ነው» አለቻት።

«እሺ» ብላ ወጣች።

ማክሰኞ ሙሉሀብት ስልኩን ሊሸጠው ሲያጸዳ መልእክቶቹን ሁሉ አነበበ። እህቴ እኔ ማወቄን ብትሰማ በሐፍረት ትሞትብኛለች ብሎ ለማንም ሳይናገር ሰውየውን ብሎክ አደረገው። ነገሩን በዚሁ የዘጋው መስሎት ነበር። ሰውየው ግን የዘጋችብኝ እሷ ናት ብሎ ተናደደ። የክፍሏን ግሩፕ ከእሷው ሰምቶ ነበርና ሐሙስ ጠዋት ምስሉን እዚያ ለቀቀው። እስከ ምሳ ሰዓት ከተማው አየው።

ከዚህ በኋላ ሦስቱም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ይርሳው የሰውየውን ቁጥር ከሙሉሀብት ተቀብሎ፣ የተጫነ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ባሕር ዳር ገባ። በአራተኛው ቀን አግኝቶ ለፖሊስ አስረከበው። በሰውየው ስልክ ውስጥ የሌሎች ልጃገረዶች ፎቶ ስለተገኘ ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ። ይርሳው ሥራውን አጣ።

ማርሸት ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት ቆማ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። ስም አልጠራችም። በዚያው ሳምንት አራት ልጃገረዶች እያለቀሱ መጥተው፣ እነሱንም እንዲሁ የሚያስፈራራቸው ሰው እንዳለ ነገሯት፤ ደረሰችላቸው። ነገር ግን ታሪኩ የማን እንደሆነ ያላወቀ አልነበረም። ሰርካለም እዚያው ሰልፍ ላይ ነበረች። ትምህርት ቤት የሄደችበት የመጨረሻ ቀን ይኸው ሆነ።

ሙሉሀብት ሱቁን ዘግቶ ምስሉን ማሳደድ ያዘ። የማያውቃቸውን ሰዎች ለምኖ ከስልካቸው አስጠፋ፤ ከየግሩፑ አስወረደ። አንድ ቦታ ሲያጠፋው ሌላ ከተማ ይወጣል። አባቱ ስልክ አያውቅምና፣ «ምን ያደክማችኋል፣ ወረቀቱን አምጡና እሳት ውስጥ ክተቱት» ይለዋል።

«ወረቀት አይደለም፣ አባዬ። የሚቃጠል ነገር የለውም።»

ሙሉሀብት ምስሉን ለማጥፋት ሲል በየቀኑ ስለሚያየው፣ ሰርካለም እሱ ሲገባ ነጠላዋን ተከናንባ ትዞራለች።

በሐምሌ አለኸኝ ታመመ። ጉበቱ እንዳለቀ ሐኪሞቹ ነገሩት። ሦስቱን ጠርቶ፣ «ይቺን ልጅ የማን አደራ ላድርጋት?» አላቸው።

«የእኔ» አለ ይርሳው። «እኔ ባለሁበት ደፍሮ የሚጠጋት የለም።»

ማርሸት፣ «ጥፋቴን አውቃለሁ። ከእኔ ሌላ ግን ወደ ትምህርቷ የሚመልሳት የለም» አለች።

ሙሉሀብትም፣ «ያ ነገር ነገም ይወጣል፣ ከዓመት በኋላም ይወጣል። ያኔ ማን ሊያጠፋላት ነው?» አለ።

አለኸኝ ፊቱን ወደ ሰርካለም መለሰ። «አንቺስ፣ ልጄ? ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?»

ከዚያ ሰልፍ ወዲህ ቃል ያልተነፈሰችው ሰርካለም አፏን የከፈተችው ያን ቀን ነው።

«አንተ አትሙትብኝ» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

አለኸኝ ማንንም ሳይመርጥ በነሐሴ ሞተ። ከአርባው በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሁለት ቀን ተከራከሩ። አንደኛው ወንጀለኛውን ያስያዘ ይውሰዳት አለ። ሌላው ለብዙ ልጆች የደረሰችው ትውሰዳት አለ። ሦስተኛው ዛሬም የሚለፋላት ሙሉሀብት ነው አለ። አንዲት አሮጊት ደግሞ፣ «ልጅቷ ስትንቀጠቀጥ ምን ሆንሽ ያላት አለ?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹም ሳይስማሙ ተነሡ።

ሰርካለም እስካሁን በአባቷ ቤት ብቻዋን ናት። ታላላቆቿ ተራ ገብተው ምግብ ያመጡላታል፤ አንዳንድ ቀን ትበላለች።

እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። ከሦስቱ የሰርካለም አደራ የሚገባው ለማን ነው?