በአንድ ሰው እግር ልክ

አንድ ሸማኔ ነበር፤ ጋሽ በልሁ የሚባል። ኧረ እንዴት ያለ ሸማኔ መሰላችሁ! መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲበር ዓይን አይከተለውም። እሱ የሠራውን ጥለት የለበሰች ሙሽራ ስትወጣ ሰው ሙሽራዋን ትቶ ልብሷን ያይ ነበር ይባላል፤ ሙሽሮቹ ይቀየሙ አይቀየሙ እንጃ።

ሸማኔ እንደምታውቁት በጉድጓድ አፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። እግሩን ወደ ታች ይሰድና ከሥር ያለውን መርገጫ እያፈራረቀ ይረግጣል። እግሩ ድሩን ሲከፍትለት እጁ ማጉን ያስገባል፤ እግር ካልሠራ እጅ ብቻውን ምንም አያመጣም። ስለዚህ ሸማኔ ሁሉ ጉድጓዱን የሚቆፍረው በገዛ እግሩ ልክ ነው።

ጋሽ በልሁ ስሙ ሲገን ጊዜ ትምህርት ቤት ከፈተ። ተማሪውም ከደጋ ከቆላ ጎረፈለት። የራሱን እግር በእንጨት ለካ፤ እንጨቱን ቆረጠና ለተማሪው ሁሉ በዚያው ልክ ጉድጓድ አስቆፈረ። «እኔ ዘንድ አድልዎ የለም!» ይል ነበር ደረቱን ነፍቶ። «የሀብታም ልጅ፣ የድሃ ልጅ አልልም፤ ለሁሉም አንድ ጉድጓድ!» ሰውም «መምህር ማለት እንዲህ ነው እንጂ!» እያለ አደነቀው። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ እሱን አንካድ።

ከተማሪዎቹ መካከል ትርፌ የምትባል አጭር ወጣት ነበረች። ሸማኔ ለመሆን የነበራት ጉጉት ለጉድ ነው! ከሩቅ ቆላ፣ ዘመድ አዝማዱ «ተይ ይቅርብሽ» እያላት፣ «እችላለሁ» ብላ ነበር የመጣችው። ምን ዋጋ አለው፣ እግሯ መርገጫው ጋ አይደርስም። ወደ ታች ስትንጠራራ ትንሸራተታለች፤ ስትንሸራተት ድሩ ይበጠሳል።

«ጋሼ፣ ጉድጓዱ ጠለቀብኝ» አለችው አንድ ቀን።

ጋሽ በልሁ ሳቀ። «ሌላው የሚሠራበት ጉድጓድ ነው እኮ! እጅ የሌለው ሸማኔ ጉድጓዱን ይወቅሳል» አላት።

ጓደኞቿም አብረው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ትርፌ እንደምንም እየተንጠራራች መሥራቷን ቀጠለች፤ ድሩ ግን መበጠሱን አልተወም። በመጨረሻ ጋሽ በልሁ ጠራትና «ልጄ፣ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርሽም። የንጉሡ ድግስ ይለፍና ጓዝሽን ጠቅልለሽ ወደ አገርሽ ትገቢያለሽ» አላት። ትርፌ አንገቷን ደፋች። እችላለሁ ብላ በወጣችበት ደጅ፣ አልቻልኩም ብላ ልትገባ ነው።

ድግሱ የንጉሡ ሴት ልጅ ሠርግ ነበር። ንጉሡ ጋሽ በልሁን «የልጄን ጥለት በአደባባይ፣ ሕዝብ እያየህ ሥራልኝ» ብሎ አስጠርቶታል። ቀኑ ሲደርስ ከተማው ተቀወጠ! ከበሮው በሉት፣ እልልታው በሉት፣ ዛፍ ላይ የተንጠላጠለው ሰው በሉት! የንጉሡ ወታደሮችም እንግዳውን ለማክበር ብለው ጉድጓዱን አስቀድመው ቆፍረው፣ ድሩን ወጥረው ጠበቁት። በማን እግር ልክ ቆፈሩት? ከመካከላቸው እጅግ ረጅም በሆነው ዘበኛ! «ለትልቅ ባለሙያ ትልቅ ጉድጓድ ይገባዋል» ብለው እኮ ነው።

ጋሽ በልሁ ተማሪዎቹን አስከትሎ ገባ፤ እጅ ነሣና ተቀመጠ። እግሩን ሰደደ። ጉድ ፈላ! መርገጫው አይደረስበትም። ተንጠራራ፤ በጣቱ ጫፍ ነካው፤ ተንሸራተተ፤ ድሩ ተበጠሰ። ቀጠለው፤ መልሶ ተበጠሰ። ከበሮው ዝም አለ።

«አርጅቷል» አለ አንዱ። «ድሮም ወሬ ነበር» አለ ሌላው። አንድ ባለሟል ብድግ ብሎ «ጃንሆይ፣ ይህ ሰው እጅ የለውም!» ሲል ጮኸ።

ጋሽ በልሁ እግሩን ከጉድጓዱ አውጥቶ ተነሣ። «እጄ አይደለም!» አለ። «ጉድጓዱ ነው! ጉድጓዱ ጠለቀብኝ!»

ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ዓይኑ ከትርፌ ዓይን ጋር ተጋጨ። የሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባል የለ? የእሷ ነገር እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላመመውም ነበር። አሁን አመመው፤ በጣም አፈረ።

ትርፌ ግን በሰው ውርደት የምትስቅ ልጅ አልነበረችም። ነጠላዋን አደግድጋ ጉድጓዱ ውስጥ ዘላ ገባች፤ መርገጫውን አነሣችና «አፈር ስጡኝ!» አለች። ጓደኞቿ ዳር የተቆለለውን አፈር በእጅም በልብስም እያፈሱ አቀበሏት። እየረገጠች ጠቀጠቀችው፤ መርገጫውንም ከላዩ መለሰች።

«ይሞክሩት ጋሼ!»

ደረሰ! እግሩ ደረሰ! ሕዝቡ «እሰይ!» አለ። ጋሽ በልሁ ግን መወርወሪያውን አላነሣም።

«አፈር ጨምሩ» አለ።

«ከዚህ በላይማ ለእርስዎ አይመችም» አለችው ትርፌ።

«ስለ እኔ ተዪው። በአንቺ እግር ልክ ይሁን፤ ነይ ተቀመጪ።»

ንጉሡ ተቆጣ። «እኔ የጠራሁት አንተን ነው! ይህች ልጅ የልጄን ልብስ ብታበላሸውስ?»

«ካበላሸችው ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጃንሆይ። እሷን አይንኩብኝ፤ አስተማሪዋን ይቅጡ።»

ንጉሡ «ይሁን» አለ። ጓደኞቿ አፈሩን ጨመሩበት፤ ትርፌም የተበጠሰውን ድር ቀጠለችና ተቀመጠች። እግሯ መርገጫውን አገኘ። ረገጠች፤ ድሩ ተከፈተ። ወረወረች፤ ማጉ ገባ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ! ድሩ አልተበጠሰም! እርግጥ ጥለቱ እንደ ጋሽ በልሁ ጥለት የረቀቀ አልነበረም፤ ገና ተማሪ ናት። ቀዩንና ቢጫውን ግን የእሷ አገር ሰዎች እንደሚያደርጉት አሰባጠረችው፤ እንዲህ ያለ ጥለት በዚያ ከተማ ታይቶ አይታወቅም። ሙሽራዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ «ይህንን ነው የምለብሰው!» ስትል እልልታው ቀለጠ። ጋሽ በልሁ በደስታ አለቀሰ፤ በራሱ ጥለት እንኳ እንዲያ አላለቀሰም።

ትምህርት ቤቱ ሲመለሱ ያንን መለኪያ እንጨት እሳት ውስጥ ጨመረው። ትርፌንም «ጓዝሽን ፍቺ» አላት። ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ለሚደርሰው ለረጅሙ ተማሪ ጉድጓዱን አስጠለቀለት። ጆሮው ለማይሰማው ከኋላው ሆኖ መጮሁን ትቶ ፊት ለፊቱ እየተቀመጠ በእጁ አሳየው። ቋንቋው ሌላ የሆነውን ደግሞ «በእናንተ አገር ድርን ምን ትሉታላችሁ?» እያለ ራሱ ቋንቋውን ይማርለት ጀመር። አዲስ ተማሪ ሲመጣም ያ ኩሩ ሰው መሬት ላይ በርከክ ይልና «እስቲ እግርህን ዘርጋልኝ» ይል ነበር።

ወዳጆቼ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጉድጓድ መቆፈር እኩልነት ይመስላል። የሚጠቅመው ግን ቆፋሪውን የሚያህለውን ሰው ብቻ ነው። እኩልነት ማለት እያንዳንዱ እግር መርገጫው ጋ ሲደርስ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጎንበስ ብሎ መለካት የአስተማሪው ፋንታ ነው።

እናንተስ፣ «ሰነፍ ነው፣ አይገባውም» ብላችሁ ያሰናበታችሁት ልጅ፣ ለመሆኑ እግሩ ይደርስለት ነበር?