በጎረቤቱ ለቅሶ የቀናው ንጉሥ

አንድ አንዳርጌ የሚባል ንጉሥ ነበር። ጎተራው የሞላ፣ ከብቱ የረባ፣ አገሩም የጠገበ ነበር። ይህን ሁሉ ግን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም፤ ዓይኑ ሁልጊዜ ማዶ ነበርና። ማዶ፣ ከለምለሙ የግጦሽ ጨፌ ባሻገር፣ ንጉሥ መርሻ የሚባል ጎረቤት ነበረው። አንዳርጌ ቤተ መንግሥቱን ሲያሠራ ሰገነቱን ወደ ራሱ ከተማ ሳይሆን ወደ መርሻ ከተማ አዞረው። ሌላው ሰው ጠዋት ሲነሣ ጸሎቱን ያደርሳል፤ እሱ መርሻን ያይ ነበር።

መርሻ አጥሩን ካደሰ የአንዳርጌ አጥር ፈርሶ እንደገና ይታጠራል። መርሻ በቅሎ ከገዛ እሱ ሁለት ይገዛል። አንድ ዓመት የመርሻ ላም መንታ ወለደች ቢሉት የጎረሰውን ሳይውጥ የከብት ሹሙን አስጠርቶ፣ "የእኔዎቹስ ምን ሲሠሩ ነው?" አለው አሉ። ሹሙም "እመክራቸዋለሁ፣ ጌታዬ" ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያስቃል። ቅናት መጀመሪያው ለሰሚ ያስቃል፤ መጨረሻው ነው ክፉ።

በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ጨፌ በበጋ እንኳ ሣሩ አይደርቅም ነበር። ከአባት ከአያት ጀምሮ የሁለቱም አገር ከብት ተቀላቅሎ ይግጥበታል፤ እረኞቹም ተጋብተው፣ ክርስትና ተነሣስተው አንድ ዘመድ ሆነዋል። ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ የጠየቃቸው እንግዳ ቢኖር ሽማግሌዎቹ "ከብቱ ጠግቦ የሚመለስበት ነዋ!" ይሉት ነበር።

አንድ በጋ አንዳርጌ ከሰገነቱ ሆኖ ሲያይ በጨፌው ላይ የመርሻ ከብት የበዛ መሰለው። "ለካ በእኔ ሣር ነው የሚወፍረው!" አለና በማግስቱ ጦር ላከ። የአንዳርጌ ሰዎች የድንበር ድንጋይ ተከሉ፤ የመርሻ ሰዎች ነቀሉት፤ እንደገና ተከሉ፤ እንደገና ተነቀለ። በመጨረሻም ጦር ተማዘዙ። አማች አማቹን፣ የክርስትና ልጅ የክርስትና አባቱን ወጋ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጨፌው እኩሌታ የአንዳርጌ ሆነ፤ ሬሳው ግን ከሁለቱም ወገን ነበር።

አንዳርጌም "ድል የእኛ ነውና ማንም እንዳያለቅስ!" ብሎ አዋጅ አስነገረ። በእሱ አገር ባል የሞተባት፣ ልጅ የሞተባት ሁሉ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች።

እሱ ግን የመርሻን ውርደት ሊያይ ወደ ሰገነቱ ወጣ። ያየው ሌላ ነገር ነው። መርሻ ራሱን ተላጭቶ፣ ከል ለብሶ፣ በእግሩ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። የሟች ቤተሰብ በር ላይ በደረሰ ቁጥር መሬት ላይ ይቀመጣል። አንዲት አሮጊት አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ። አገሩ በሙሉ ከኋላው ይከተለዋል። ለቅሶው ጨፌውን ተሻግሮ እስከ አንዳርጌ ሰገነት ይሰማ ነበር።

እንግዲህ ሰው በምን ይቀናል? በሀብት ይቀናል፣ በመልክ ይቀናል፣ በልጅ ይቀናል። አንዳርጌ በለቅሶ ቀና። "እኔ አሸንፌ አንድ ሰው እልል አላለልኝም፤ እሱ ተሸንፎ አገር ያለቅስለታል!" እያለ ወዲያና ወዲህ ተንጎራደደ። ምግብ አስጠላው።

በመጨረሻ በአገሩ ስመ ጥር የሆነችውን አልቃሽ፣ ወይዘሮ ደብሪቱን አስጠራት።

"ከመርሻ ለቅሶ የሚበልጥ ለቅሶ አዘጋጂልኝ" አላት።

"እንዳናለቅስ ያወጁት እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ ጌታዬ?"

"አሁን ፈቅጃለሁ።"

"ማንን ላንሣ? አልቃሽ ስም ትፈልጋለች። ከሞቱት የአንዱን ስም ይንገሩኝ።"

ንጉሡ አሰበ። የመርሻን በቅሎዎች ስም በሙሉ ያውቃል፤ ለእሱ ከሞቱት ግን የአንዱም ስም አልመጣለት አለ። "ስሙ ምን ያደርግልሻል? ለሁሉም በአንድ ላይ አልቅሺላቸው!" ብሎ ጮኸባት።

ለቅሶው ተደረገ። ነጋሪት ተጎሰመ፤ የሟቾቹ ፈረሶች በጥቁር ተሸልመው ጋሻቸውን ተሸክመው ዞሩ፤ ሕዝቡም በግድ ተሰብስቦ ተቀመጠ። ደብሪቱ ድምጿን ብታወጣም አንድ ዓይን እንኳ አልረጠበም። አንዳርጌ ራሱ በጥላ ሥር፣ ከፍ ያለ ዙፋን ላይ ተቀምጦ፣ መርሻ እያየ እንደሆነ ለማወቅ አንገቱን ወደ ማዶ ያሰግግ ነበር። ሕዝቡ ይህን አየ። ሹክሹክታው በረታ፤ ከኋላ የነበሩትም ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

"ምን ጎደለው?" አለ ንጉሡ፣ በንዴት ደብሪቱን አፍጥጦ እያየ።

"ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ጌታዬ። የማዶው ንጉሥ የእኅቱን ልጅ ከእረኞቹ ልጆች ጋር ልኮት ከእነሱ ጋር ወድቆበታል። ሰዉ አብሮት የሚያለቅሰው ንጉሥ ስለሆነ አይደለም፤ እንደ እነሱ ቤቱ የጎደለበት ሰው ስላዩ ነው።"

ከዚህ ሁሉ ንግግር የአንዳርጌ ጆሮ የያዘው "የእኅቱን ልጅ" የሚለውን ብቻ ነበር። "በዚህም በለጠኝ!" አለ።

አንዳርጌ አንድ ልጅ ነበረው፤ ቢያድግልኝ ይባላል። ብቸኛ ልጁ በመሆኑ አደን አይወጣም፣ ኃይለኛ ፈረስ አይሰጠውም ነበር። እውነቱን ለመናገር ንጉሡ ልጁን ይወደው ነበር። ሰገነቱ ላይ ቆሞ ሳለ ልጁ "አባባ" ብሎ ሲጠራው ብቻ ዓይኑን ከማዶ ይመልሳል። ያን ቀን ግን አስጠራውና የጨፌውን ጦር እንዲመራ አዘዘው። እንዲሞት አልፈለገም፤ እግዜር ያውቃል አልፈለገም። ጥቂት ሰንብቶ ይመለሳል፣ ሰዉም "የእኛም ንጉሥ ልጁን ልኳል" ይላል፣ ያን ጊዜ ከመርሻ አላንስም ብሎ ነበር።

ልጁም፣ "አባባ፣ ለጨፌው ከሆነ እሄዳለሁ። በንጉሥ መርሻ ላለመበለጥ ከሆነ ግን ይንገሩኝና ለምን እንደምሞት አውቄ ልሂድ" አለው።

"ማን ሙት አለህ! አፍህን አታሟርት!" አለና ግንባሩን ሳም አድርጎ ሸኘው። ቢያድግልኝ ቁልቁለቱን ሲወርድ አባቱ ወደ ሰገነቱ ሮጠ። ያየው ግን የልጁን ጀርባ አልነበረም። ማዶ፣ በመርሻ ሰገነት ላይ፣ ልጁን የሚያይ ሰው ቆሞ እንደሆነ ነበር የሚቃኘው።

ማዶ በእርግጥ የሚያዩ ነበሩ። የመርሻ ጠባቂዎች አዲስ ጦር፣ ያውም በንጉሥ ልጅ የሚመራ፣ ወደ ጨፌው ሲወርድ ባዩ ጊዜ "የቀረችንን እኩሌታ ሊወስዱ መጡ" አሉ። ሳይቀድሙን እንቅደም ብለው ወጉ። የተወረወረው የመጀመሪያ ጦር ያረፈው ቢያድግልኝ ላይ ነው። ሬሳውን በአልጋ ተሸክመው ለአባቱ አመጡለት።

ንጉሡ መጀመሪያ ልጁ ምን ለብሶ እንደሄደ ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። መሬት ላይ ተቀምጦ "ምን ለብሶ ነበር? ምን ለብሶ ነበር?" እያለ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቅ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ሰዉ ያለቀሰው።

ነጋሪት ሳይመታ፣ አዋጅ ሳይነገር አገሩ በለቅሶ ተጥለቀለቀ። ነጠላቸውን ጎስጉሰው ያለቀሱት እናቶች አሁን የልጆቻቸውን ስም ከንጉሡ ልጅ ስም ጋር እያነሡ ጮኹ። ማንም የሚከለክላቸው አልነበረም። ደብሪቱም ሳትጠራ መጣች፤ ደረቷን እየመታች እንዲህ አለች፦

ማዶ ማዶውን ሲያይ ዓይንህ እየዋለ፣
ከጓዳህ ገብቶ ሞት አንዱን ልጅ ነጠለ።

በሦስተኛው ቀን ከማዶ ሰዎች መጡ። ፊት ፊት የሚሄደው መርሻ ነበር፤ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዟል፣ ራሱ እንደተላጨ ነው። የድንበሩ ጠባቂዎች ጦራቸውን አዘቅዝቀው መንገድ ለቀቁለት፤ በሁለቱም አገር ለቀስተኛን ከየት መጣህ ብሎ የሚያስቆም የለምና። ከኋላው የተከተለው ሕዝብ ከአንዳርጌ ሕዝብ ጋር ሲቀላቀል ለቅሶው እንኳን ለሰው ለአዕዋፍም የሚከብድ ሆነ። አባቶች እንኳ እንዲህ ያለ ለቅሶ አይተው አያውቁም። አንዳርጌ የተመኘው ለቅሶ ይኸው ደረሰለት፤ ከመርሻም በለጠ።

መርሻ ከአጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"እኔኮ ቀንቼብህ ነበር" አለ አንዳርጌ ቀና ሳይል። "ያን ቀን ስታለቅስ ከሰገነት አይቼህ ቀናሁ። አገር ሲያቅፍህ አይቼ ቀናሁ። እባክህ ንገረኝ፣ ወንድሜ፣ አንተ እንዴት ቻልከው?"

መርሻ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ መለሰለት፦ "አልቻልኩትም። ከሩቅ ስታየኝ የቻልኩት መስሎህ ነው እንጂ እኔ እስከ ዛሬ አልቻልኩትም።"

ወገኖቼ፣ ቅናት የሰውን ነገር ቆርጦ ነው የሚያሳየን። እቅፉን ያሳየናል፣ ያሳቀፈውን ቁስል ይደብቅብናል፤ ክብሩን ያሳየናል፣ የተከፈለበትን ይሸሽግብናል። በጎረቤቱ የሚቀና ሰው የጎረቤቱን መከራም አብሮ እየለመነ መሆኑን አያውቅም፤ አንዳንዴም ልመናው ይሰማል። አገርም እንደ ሰው ነው። ድንበር ሲገፋ ብዙ ጊዜ መሬቱ ጠቦ አይደለም፤ ባለቤቱ የራሱን ማየት ስላቃተው ነው። የሚሞተው ደግሞ ቀናተኛው ራሱ ሳይሆን እሱ የላከው ልጅ ነው።

እስቲ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፦ የጎረቤታችንን ነገር ስናይ በዋልንባቸው ቀናት፣ ከገዛ ቤታችን ሲወጣ ሳናየው የቀረነው ማንን ነው?