የአያ ጅቦ የአንድ ቀን ጌትነት

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ፣ ያ ሆዱ ከሐሳቡ የሚቀድመው፣ ከወንዝ ዳር አንድ የበሬ ጭን አገኘ። ለሦስት ቀን የሚበቃ፣ ሥቡ የሚያብለጨልጭ ጭን! ዋሻው አፍ ላይ ተዘርግቶ መጋጥ እንደ ጀመረ ግን ዓይኑ ከማዶ ወዳለው የአያ አንበሶ ግቢ ሄደ። እዚያ ሙሉ በሬ ታርዶ ተሰቅሏል። ወዲያው አፉ ውስጥ ያለው ሥጋ እንጨት እንጨት አለው።

«ለሱ ሙሉ በሬ፣ ለኔ አንድ ጭን!» ብሎ አኮረፈ።

እመት ቀበሮ በዚያ ስታልፍ ሰማችው። አንበሶ ወገቡን ስላመመው ፍል ውሃ ሊነከር ሲወርድ «የዛሬ እንግዶቼን አንቺ አስተናግጂልኝ» ብሏት ነበር። እሷ ደግሞ ሥራ የሚባል ነገር አትወድም። ጭኑን አየችና ምራቋን ዋጠች።

«አያ ጅቦ፣ እርስዎን የመሰለ ጌታ ይህን ሲግጥ ማየት ያሳፍራል! አንበሶ ዛሬ የለም። በሱ ፈንታ ድግሱን የሚመራ ፈልጊ ብሎኛል። በሬውም ግቢውም እስከ ማታ የእርስዎ ነው።»

«በሬው የኔ? ሙሉው?»

«ከነቀንዱ!»

«ይህን ጭንስ ምን ላድርገው?»

«ኧረ ለሱ አያስቡ፣ እኔ እጥልልዎታለሁ!»

የት እንደምትጥለው እንኳ አልጠየቃትም።

ጅቦ ማዶ ተሻግሮ በሬው ላይ አፉን ሊያሳርፍ ሲል እንግዶቹ ከተፍ አሉ፤ ሽማግሌው ነብር ከነሚስቱ፣ ተኩላዎቹ ከነልጆቻቸው፣ አሞራዎቹ በመንጋ።

«ምነው! ባለድግስ ከእንግዳው ቀድሞ ይበላል እንዴ? ነውር ነው!» አለ ነብሩ።

ጅቦ አፍሮ አደገደገ፤ ሥጋውን እየቆረጠም አቀረበ። ጥቂት እንደ ቀመሱ ተኩላዎቹ «በቃን፣ ጠገብን» አሉ። ጅቦ ደስ ብሎት ገበታውን ሊያነሳ ሲል ሁሉም አፈጠጡበት። እንግዳ በቃኝ የሚለው እንዲለመን ነው፤ ይህን የማያውቅ ባለድግስ የት ይገኛል!

«ኧረ ብሉ እንጂ» አለ በሰለለ ድምፅ።

«አይ፣ ይበቃናል።»

«በሞቴ!»

ይህን ሲል እውነትም የሚሞት መሰለው። እንባውና ምራቁ እኩል ወረዱ። እንግዶቹም «እንዴት ያለ ቸር ነው፣ ሲያበላ ያለቅሳል!» እየተባባሉ በሉለት።

አጥንቱ ይተርፈኛል ብሎ ሲጽናና ዘመዶቹ ከየጉድጓዱ ወጡ። «አለፈለት ሲሉ ሰምተን መጣን!» አሉና ቅልጥሙን፣ ቆዳውን፣ ቀንዱን ሳይቀር ጠራርገው፣ መርቀውት ሄዱ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንበሶ ተመለሰ፤ በቀበሮ ፈንታ ጅቦን አደግድጎ ቢያገኘው ነገሩ ገባውና ሣቀ።

«በላህ?»

«አልቀመስኩም፣ ጌታዬ። ለመሆኑ እርስዎ መቼ ነው የሚበሉት?»

«እኔማ ሁሉም በልቶ ከጠገበ በኋላ ነው፤ ከተረፈ» አለ አንበሶ። «አንዳንዴ ከዚህ ሆኜ ወዳንተ ሳይ እቀናለሁ። ብቻህን፣ ማንንም ሳትለማመጥ፣ አንዲት ጭንህን ስትግጥ...»

ጅቦ አላስጨረሰውም፤ ሽምጥ ጋለበ። ዋሻው ሲደርስ እመት ቀበሮ በጀርባዋ ተንጋላ ጥርሷን ትጎረጉራለች።

«እንዴት ዋሉ፣ ጌታው? እኔ እንኳ ማንም ሳይለምነኝ ጨረስኩት!» አለችው።

አያ ጅቦ በባዶ ሆዱ ተጋደመና፣ ስለ በሬው ሳይሆን ስለ ጭኑ አለቀሰ።

ከዚህ የምንማረው ከሩቅ የባለጸጋው በሬ እንጂ ጣጣው ስለማይታየን፣ የሚበቃንን ይዘን በሱ ስንቀና የእጃችንንም እንደምናጣ ነው።