ገንፎው ሳይበርድ ዘጠነኛ ፎቅ

ተረት ተረት። የሊፍት።

እትዬ ውዴነሽ አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ ገንፎው ሳይበርድ ዘጠነኛ ፎቅ መድረስ። ልጃቸው ወልዳለች። ገንፎ በትኩሱ ነው፤ ከበረደ ልስን ነው። ጉልበታቸው ደግሞ ደረጃ አይወጣም።

ሊፍቱን ውጣ አሉት። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብኝ የሚያሰላው ፕሮግራም፣ ሒሳቡ፣ ሳይነግረኝ ንቅንቅ አልልም አለ።

ሒሳቡን ንገረው አሉት። እሱ ርቀትን ለፍጥነት ያካፍላል፤ የቆመ ሊፍት ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ድሮ ለዜሮ ሲያካፍል “ወሰን የለውም” ብሎ ያልፍ ነበር። ዛሬ የስህተት ማንቂያው እየጮኸ ሥራውን ያቋርጥበታል። ሒሳቡ አልናገር አለ፣ ሊፍቱ አልወጣ አለ፣ ገንፎው ይበርዳል።

ማንቂያውን ዝም በል አሉት። ተኝቼ ነበር፣ የቀሰቀሰኝ ሙዚቃው ያስተኛኝ አለ። ሁሉም ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፉ፣ አንድ ማሽን ውስጥ የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። ማንቂያው አልተኛ አለ፣ ሒሳቡ አልናገር አለ፣ ሊፍቱ አልወጣ አለ፣ ገንፎው ይበርዳል።

ሙዚቃው ለሊፍቱ አዲስ የተገጠመ ነው። ማንቂያውን ለራሴ ሥራ ቀሰቀስኩት፣ መልሰህ አስተኛው የሚል መስመር ግን አልተጻፈልኝም አለ። ጸሐፊው ማን ነው? የእትዬ ውዴነሽ አማች፣ ዮዳሄ። ስልክ ደወሉ።

“እማዬ፣ ሁለት መስመር ነው። ግን ሕፃኑ ክንዴ ላይ ነው። ሳስቀምጠው ያለቅሳል፤ ካለቀሰ ልጅዎ ትነቃለች።”

ሕፃኑ አልወርድ አለ፣ ዮዳሄ አልጽፍ አለ፣ ሙዚቃው አልመልስ አለ፣ ማንቂያው አልተኛ አለ፣ ሒሳቡ አልናገር አለ፣ ሊፍቱ አልወጣ አለ። ገንፎው ለብ ብሏል።

እትዬ ውዴነሽ ሳህኑን በነጠላቸው ሸፈኑ።

“ስልኩን ሕፃኑ ጆሮ ላይ አድርግ።”

ከሊፍቱ በር ፊት ቆመው እሹሩሩ አሉ። የሕንፃው ዘበኛ ሳይቀር ማዛጋት ጀመረ።

ሕፃኑ ተኛ፣ ዮዳሄ ጻፈ፣ ሙዚቃው መለሰ፣ ማንቂያው አንቀላፋ፣ ሒሳቡ “ወሰን የለውም” አለ፣ ሊፍቱም እንዳልሰማ ሆኖ ወጣ። ገንፎው መሃል ላይ ያለው ቅቤ ገና አልረጋም ነበር።

“ሰው ቤት ገብተህ ወንበር ካነሳህ፣” አሉት አማቻቸውን፣ “ስትወጣ ወደ ቦታው መልስ።”

“ለሙዚቃው እነግረዋለሁ” አለ፣ አፉ በገንፎ ተሞልቶ።

“ያ የአራሷ ነው፣ አንተ!”

ተረቱን ወደ ቦታው መልሱ፣ ገንፎው ሳይበርድ ድረሱ።