ባዶ ጀርባ

በአንበሳው ዱር፣ በጅቡ ኮረብታና በአህዮች ሜዳ መካከል ኬላ የነበረበት ዘመን ነበር። ጨው የጫነች አህያ ኬላው ዘንድ ስትደርስ ጅቡ ከጨውዋ ቆንጥሮ፣ ሲያሰኘውም ከጆሮዋ ጫፍ ዘንጥሎ ያሳልፋታል። ክፉ ዘመን ነበር፤ ቢሆንም ቀረጡ የታወቀ ነው።

አንድ በጋ ንጉሥ አንበሳ ሦስቱን አገር ሰበሰቡና፣ «ከእንግዲህ ኬላም ድንበርም የለም። ገበያችን የጋራ ነው። ሸቀጥ ያለ ቀረጥ፣ ነጋዴ ያለ ስጋት፣ ሁሉም በፈለገበት ይመላለሳል» አሉ። ውሉን የምትጽፈው የንጉሡ የሕግ አማካሪ እመት ጦጢት ነበረች፤ ሕግ ተምራ ከመጣች ወዲህ ከዛፍ ወርዳ ከማንም ጋር አትነጋገርም።

የአህዮቹ ተወካይ እመት ዳለቻ ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ሜዳቸው ጨው ሞልቶታል፤ በበጋ ግን ውሃ የለውም። ውሃው ያለው በንጉሡ ዱር ነው፤ የሚጠጣውም በጨው ተለውጦ ነው። ካልተሻገሩ በጥም ያልቃሉ፤ መሻገሪያው ላይ ደግሞ ጅብ አለ።

«ጃንሆይ፣ አያ ጅቦን ማማቴ አይደለም» አለች። «ነገር ግን ከእኛ ጋር የቆየ ጉዳይ አለው። ጭነት የያዘ ሁሉ ነጋዴ ነው፣ አይነካም የሚል ቃል ይግባልን።»

አህያ መቼም ራሷን ያለ ጭነት አስባ አታውቅም።

ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው አያ ጅቦ ነው። «እህቴ ዳለቻ የልቤን ተናገረችልኝ። ቃል በቃል ይጻፍ፤ አንዲት ፊደል እንዳትጎድል» አለ። ዳለቻም ወደ ቤት ሲመለሱ ለጎረቤቷ ለቦራ፣ «ለካ ስናማው የኖርነው በከንቱ ነው» አለቻት። ደስ ብሏት ነበር።

በመጀመሪያው ገበያ ቦራ ጨውዋን አስረከበች፣ ውሃዋን ጠጣች፣ ቀለል ብሏት ስትመለስ አያ ጅቦ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ጭነትሽ የታለ፣ እመቤት?»

«ሸጥኩት፣ አያ።»

«ወይ ጉድ። እንግዲያስ ነጋዴ አይደለሽም። ነጋዴ ካልሆንሽ ደግሞ ሸቀጥ ነሽ፤ ሸቀጥ ቀረጥ የለበትም» አለና፣ ጆሮዋን ሳይቀርጥ ሙሉዋን ወሰዳት።

ዳለቻ በጉባኤው ፊት አለቀሰች። እመት ጦጢት ከቅርንጫፏ ሆና ውሉን አነበበች፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ንጉሡ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ፣ «ያሳዝናል። ግን ሕግ ከእኔም በላይ ነው። ሦስታችንም ከተስማማን ይሻሻላል» አሉ። አያ ጅቦ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ የእህቴን የዳለቻን ቃል አጥፌ በምን ፊቴ እኖራለሁ?» አለ።

ከዚያ ወዲህ አህዮች ጨው ሸጠው ሲመለሱ ድንጋይ ይጭናሉ። ድንበር የለምና አያ ጅቦ እስከ ሜዳቸው ድረስ እየመጣ ይጎበኛቸዋል፤ ስለዚህ ሲግጡም ድንጋይ፣ ሲተኙም ድንጋይ ነው። ዳለቻ ሌሊት ሌሊት ጎኗን እያመማት የገዛ ቃሏን ትራገማለች። በዓመቱ ጉባኤ ላይ እመት ጦጢት የጋራ ገበያውን ፍሬ ስትዘረዝር፣ «በተለይ የድንጋይ ንግድ ከተጠበቀው በላይ አድጓል» አለች፤ ተጨበጨበ። የአህዮቹ ጭብጨባ ግን ጀርባቸው ስለከበደ ቀዝቀዝ ያለ ነበር።

ዳለቻ በዚያው ሰሞን ወለደች። ውርንጭላው ገና እግሩ ሳይጠና ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጣ ጀርባው ላይ አሰረችለት። እያለቀሰ ተንገዳገደ፤ እሷም እያለቀሰች ደገፈችው።

አያ ጅቦ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል መጣ። ልጁን ዞር ዞር ብሎ አየው፤ ድንጋዩንም በአፍንጫው ነካ አደረገው።

«ጎበዝ ነጋዴ ነው» አለ። «ከበደህ እንዴ፣ የኔ ልጅ? ሲደክምህ ጥራኝ፤ እኔ አወርድልሃለሁ።»

ሲሄድ ውርንጭላው በዓይኑ ሸኘውና፣ «እምዬ፣ እንዴት ያለ ደግ ነው» አለ።

ዳለቻ ጠፍሩን በጥርሷ ይዛ አንድ ጊዜ አጠበቀችው።