ሰፊ ጎማ ለሰንበሌጥ መንገድ

ጆሮ ያለው ጆሮውን ያውሰኝ፣ የቸኮለም አረፍ ይበል፤ ተረቴ መንገድ አለባት።

ይመኙሻል የምትባል፣ ክትባት በብስክሌት የምታደርስ የጤና ሠራተኛ ነበረች። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ ሰፊ ጎማ። ከከተማው እስከ ሰንበሌጥ መንደር አርባ ኪሎ ሜትር ሙሉ ድንጋይ የተነጠፈ መንገድ ነው። ባለፈው ወር ይፈጥናል ብላ ቀጭን ጎማ መርጣ ወጣች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሁለቱም ፈነዱና ብስክሌቷን እየገፋች ተመለሰች። አሁን ከሰንበሌጥ ማዶ ኩፍኝ ገብቷል። ሰንበሌጥ ላይ ዘጠኝ ሕፃናት ይጠብቋታል። አውቶቡስ የሚያልፈው ሐሙስ፣ ቀኑ ደግሞ ማክሰኞ።

"ቀጭን ለአስፋልት ነው፣ ልጄ" አሏት ብስክሌት ጠጋኙ ጋሽ ደምሰው። "ለድንጋይ ሰፊ ነው፣ ያውም እስኪደነድን ያልተነፋ። ጎማው ይኸው። ግን አዲስ ነውና ግትር ነው፤ ማስገቢያ ብረቴ ተሰብሮ ቀጥቃጩ ዘንድ ነው።"

"በካቻቪቴ አይሆንም፣ ጋሼ?"

"የውስጡን ጎማ ይበሳዋል። መንገድ ላይ ቁጭ ብለሽ ልታለቅሺ ነው?"

ብረቱ ካልተጠገነ ጎማው አይገባ፤ ጎማው ካልገባ ብስክሌቷ አትሄድ፤ ብስክሌቷ ካልሄደች ልጆቹ አይከተቡ። ይመኙሻል ወደ ቀጥቃጩ ሮጠች።

ቀጥቃጩ አቶ አዳሙ ከቀዘቀዘ አመድ ፊት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። "ብረቱ አለ፣ መዶሻው አለ፣ እኔም አለሁ። በምን ላግለው? ብርነሽ ከሰል አላከችም።"

ከሰሉ ካልደረሰ ብረቱ አይግል፤ ብረቱ ካልጋለ ጎማው አይገባ፤ ጎማው ካልገባ ብስክሌቷ አትሄድ፤ ብስክሌቷ ካልሄደች ልጆቹ አይከተቡ። ሰዓቷን አየች፤ አራት ሆኗል።

ከሰል ነጋዴዋ እትዬ ብርነሽ በተሰፉ ጆንያዎች መካከል ቆመዋል። "ዘለቀ አህያውን ካላመጣ በጀርባዬ ላድርሰው?"

"ለአንድ ብረት የሚሆን ይስጡኝና እኔ ልሸከም።"

"ለአንድ ብረት ብዬ የተሰፋ ጆንያ አልፈታም። ደንብ ነው።"

ይህ ነገር ይመኙሻልን አበገናት፤ ደንብ የሚሉት ነገር እንዲህ ልብ የለውም እንዴ? ግን ምን ታድርግ። አህያው ካልተጫነ ከሰሉ አይደርስ፤ ከሰሉ ካልደረሰ ብረቱ አይግል፤ ብረቱ ካልጋለ ጎማው አይገባ፤ ጎማው ካልገባ ብስክሌቷ አትሄድ፤ ብስክሌቷ ካልሄደች ልጆቹ አይከተቡ።

ባለአህያውን ዘለቀን ከአህያው ጎን ተክዞ አገኘችው። "አህያውስ ይኸው። መጫኛ ገመዱን ጥሩሴት ይዛብኛለች። ሚስቴ ናት፣ ለምኜ ደከመኝ። እስቲ አንቺ ሞክሪያት።"

ጥሩሴት ገመዱን ጠቅልላ ተቀምጣበታለች፤ ልጇን አቅፋለች። "ልጄ ሳይከተብ ከዚህ ቤት መጫኛ አይወጣም። እሱ ከሰል ሲያመላልስ ልጄን ኩፍኝ ይውሰደው?"

"እስካሁን ለምን አላስከተብሽውም?"

"አመጣሁትኮ። አንቺው ነሽ የመለስሽኝ። ብልቃጡ የዐሥር ልጅ ነው፣ ለአንድ ልጅ አይከፈትም፣ ደንብ ነው አልሽኝ።"

ይመኙሻል አፈረች። ከበር በር ያንከራተታት ደንብ የራሷ ነበር። ብልቃጡ ካልተከፈተ መጫኛው አይወጣ፤ መጫኛው ካልወጣ አህያው አይጫን፤ አህያው ካልተጫነ ከሰሉ አይደርስ፤ ከሰሉ ካልደረሰ ብረቱ አይግል፤ ብረቱ ካልጋለ ጎማው አይገባ፤ ጎማው ካልገባ ብስክሌቷ አትሄድ፤ ብስክሌቷ ካልሄደች ልጆቹ አይከተቡ።

ነገር ግን የያዘችው ብልቃጥ አንድ ብቻ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። አሁን አምስት ሰዓት ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰንበሌጥ ካልደረሰች የዘጠኙ ልጆች ክትባት መሬት ይጠጣዋል። ፈራች። ሆኖም የጥሩሴት ልጅ ሽቅብ እያያት ነበር።

"ያዥልኝ እጁን" አለች።

ብልቃጡ ተከፈተ፤ ልጁ ተከተበ፤ መጫኛው ወጣ፤ አህያው ተጫነ፤ ከሰሉ ደረሰ፤ ብረቱ ጋለ፤ ጎማው ገባ። ጋሽ ደምሰው በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ትንሽ አስተነፈሱት። "ድንጋዩን ጎማው ይቀበለው፣ ወገብሽ አይደለም። በይ ሂጂ።" ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር።

ሄደች። ባለፈው ወር ጎማዋ የፈነዳበትን ድልድይ ትንፋሿን ውጣ አለፈችው። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ሆነ። ዳገቱ ላይ እግሯ ዛለ፤ ጎማው ግን አልዛለም።

ሰንበሌጥ ላይ እናቶቹ "ዛሬም ቀረች" ብለው ልጆቻቸውን ማዘል ጀምረው ነበር። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የብስክሌት ደወል ሰሙ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ወጋች። ዘጠነኛዋ ሕፃን ስታለቅስ ብልቃጡ ባዶ ሆነ፤ አንዲት ጠብታ አልባከነችም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልጅ ይዛ የምትመጣ እናት "ዐሥር ሲሞላ ነይ" ተብላ አትመለስም። ይመኙሻል ለአንዱ ትከፍትና ዘጠኙን ፍለጋ በሰፊው ጎማዋ ትወጣለች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርብኝ፣ ለጎማዬ ትንሽ ንፋስ ይበቃኛል።